የእትዬ አፍንጫ

እትዬ ከእናቷ ቤት አልወረሰችም፣ መሬት አልወረሰችም፣ ወርቅማ ጭራሽ አይታሰብም። የወረሰችው አፍንጫ ነው። ይህን የሰማ ሰው ይስቃል፤ እሷ ግን ስትናገረው ቀና ብላ ነው፣ ሌላው «አባቴ ርስት ትቶልኛል» ሲል እንደሚኮራው ማለት ነው።

እናትየው የታወቀች የድግስ ወጥ ሠሪ ነበረች። አንድ ሕግ ነበራት፦ ማማሰያና አፍ አይተዋወቁም። ድስት ላይ ቆሞ በጭልፋ መቅመስ በእሷ ዘንድ ነውር ነው። «እንግዳው ሳይቀርብለት የቀመሰች ሴት ከእንግዳው ቀድማ በልታለች» ትል ነበር። ታዲያ ጨው መብቃቱን በምን ታውቃለች? በእንፋሎቱ። ክዳኑን ከፈት ታደርግና ልጇን በክንዷ ሳብ አድርጋ «ምን ጎደለው?» ትላታለች። ልጅቱ ጎንበስ ብላ ታሸታለች። «ጨው» ካለች «ሂጂ አምጪ»፤ ከተሳሳተች «እንደገና አሽቺ»። እኩዮቿ ፊደል በሚቆጥሩበት ዕድሜ እትዬ እንፋሎት ትቆጥር ነበር።

አድጋ የአዳሪ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ገባች። ሁለት መቶ አርባ ተማሪ፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ሃያ ስድስት ዓመት። አንድ ጊዜ አምስት በርሜል ዘይት መጣ፤ እሽጉ እንኳ አልተነካም። እትዬ በርሜሉ ክዳን ላይ ጎንበስ አለችና «ይሄ ወደ መጣበት ይመለስ» አለች። የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ሳቀባት።

«እንዴ፣ የታሸገ ነገር በምን አየሽው?»

«መች አየሁት፤ ሸተተኝ እንጂ።»

ርዕሰ መምህሩ መጥተው አስከፈቱት። ሽታው ከግቢው ሳይጠፋ ሳምንት ቆየ። ከዚያ ቀን ወዲህ በእሷ አፍንጫ ሥር ያላለፈ ጆንያ ግምጃ ቤት አልገባም። ሥራዋን ስትለቅ የምስጋና ወረቀት ሰጧት፤ ወረቀቱን የት እንዳስቀመጠችው አታስታውስም። የምታስታውሰው አንድ ነገር ነው፤ ለሰማት ሁሉ ትደግመዋለች፦ «ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ በእኔ ድስት አንድ ልጅ ሆዱን አልታመመም።»

«እትዬ» ስሟ አይደለም። ተማሪዎቹ ያወጡላት ነው። ከተማሪዎቹ ወደ መምህራኑ ተሻገረ፤ ከመምህራኑ በዕድሜ አባቷ ወደሚሆኑት ርዕሰ መምህር ደረሰ፤ በመጨረሻ ባሏም እጁን ሰጠ። ባሏ ዕድሜውን በረጅም መንገድ መኪና ሹፌርነት የጨረሰ፣ አሁን ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ሚስቱን እትዬ ብሎ የሚጠራ ባል እሱን ብቻ ነው የማውቀው።

አንድዬ ልጃቸው ነርስ ናት። ሌላ አገር ሄዳ ሥራ ያዘች፤ ከዓመታት በኋላ «ብቻዬን ሰለቸኝ፣ ኑልኝ» አለች። ሄዱላት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት እትዬ እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች። እጇን አጣጥፋ የተቀመጠች እትዬ ደግሞ ለቤቱ ሰው ሁሉ በሽታ ናት፤ የልጇን ቁም ሳጥን ሦስት ጊዜ አራግፋ ሦስት ጊዜ አስተካከለች፤ የባሏን ካልሲዎች እየቆጠረች አንዱ የት ገባ ብላ መረመረችው። ልጅቷ ለራሷም ሰላም ስትል ሥራ ፈለገችላት። ከቤታቸው ሁለት ፌርማታ ወዲያ ባለ የአረጋውያን መኖሪያ፣ ስልሳ አራት ሽማግሌና አሮጊት በሚመገብበት ወጥ ቤት፣ ሰሃን አጣቢና አትክልት ከታፊ ሆና ተቀጠረች። የሦስት ወር የሙከራ ጊዜ አላት።

የወጥ ቤቱ ኃላፊ ግዙፍ፣ ድምፁ ግን እንደ ሕፃን አስተኚ ለስላሳ የሆነ ሰው ነው። እትዬ በልቧ «ሹሙ» አለችው፣ በዚያው ጸና። የመጀመሪያ ቀን ስሟን ሲጠይቅ አብራት የሄደችው ልጇ በልማድ «እትዬ» ብላ መለሰችለት፤ ሽርጧ ላይ በሚለጠፈው ካርድ ላይም ይኸው ተጻፈ። ሹሙ ቢበዛ አርባ ዓመት ቢሆነው ነው። ሳያውቀው በቀን ሠላሳ ጊዜ ታላቅ እህቴ እያለ ይጠራት ጀመር። ማን ቸኩሎ ይነግረዋል? በአገሩ ቋንቋ አንቺና እርስዎ የሚባል ልዩነት የለም፤ እትዬ ግን የምትሰማውን ሁሉ በጆሮዋ ደጃፍ ላይ በአግባቡ አልብሳ ነው የምታስገባው። እኛም እሷ እንደሰማችው እንተርካለን።

ከቀዝቃዛው ክፍል የሚወጣው ጉድ ማለቂያ የለውም ነበር። እንደ ጦር የሾለ አረንጓዴ ግንድ አለ። ቅርፊቱ እንደ ዓሣ ተደራርቦ የተሸፈነ፣ ከመቶ ቅጠል አንድ ጉርሻ የማይወጣው አትክልት አለ። ዛጎሉን አፉ ድረስ ዘግቶ የሚመጣ የባሕር ፍጥረት አለ፤ ይሄን እትዬ መጀመሪያ ስታየው ድንጋይ ከምግብ ጋር ተቀላቅሎ የመጣ መስሏት ለይታ አስቀመጠችው። አንድ ቀን ወይን መስሏት አንድ ጥቁር ፍሬ አፏ ውስጥ ጣል አደረገች፤ ጨውና ምሬት ሆኖ ሲፈነዳባት የሚወቀስ ሰው ፍለጋ ዞር ዞር አለች። ማንም አላያትም፤ ዋጥ አድርጋ ሥራዋን ቀጠለች።

እንዲህ እየተባለ ሦስተኛው ሳምንት ገባ። ረቡዕ ጠዋት የቀዝቃዛውን ክፍል መደርደሪያ አጽጂ ተባለች። ታችኛው መደርደሪያ ላይ በወረቀት የተጠቀለለ ክብ ነገር አገኘች። ገለጥ ስታደርገው አይብ ነው፤ ግን ምን ዓይነት አይብ? ሰማያዊ ሻጋታ ከዳር እስከ ዳር እንደ ደም ሥር ሮጦበታል። ሽታው የበግ በረትና የሰነበተ ካልሲ በአንድ ላይ ነው። «አዬ ጉድ፣ ረስተውታል» አለች። ለሽማግሌ ሆድ ሊቀርብ ነበር። እግዚአብሔር እዚህ ያመጣኝ ለካ ለዚህ ነው ብላ ክቡን አንስታ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጣለችው። ጣለችው ብቻ አይደለም፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና ማንም ተሳስቶ እንዳያነሳው የድንች ልጣጭና የሳሙና ውሃ ደፋችበት። መደርደሪያውን በፈላ ውሃ አጠበች። ከዚያ እጇን በሽርጧ አደራርቃ፣ በለመደችው ኩራት፣ ሹሙ ፊት ቆመች።

«የተበላሸ ነበር። ጣልኩት።»

«የትኛው?»

«በወረቀት ያለው። ሰማያዊው።»

ምስጋና ስትጠብቅ ሰውዬው ወደ መጣያው ሮጠ። ሲመለስ ልጣጭ ከክንዱ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ፊቱ እንደ ዱቄት ነጥቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከነዋሪዎቹ አንዷ፣ የቀድሞ አስተማሪ፣ በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ ዘጠና ዓመት ሊሞላቸው ነው። ምን ይደረግልዎ ቢባሉ አንድ ነገር ብቻ ለመኑ፤ በልጅነታቸው ይበሉት የነበረውን አይብ። ሹሙ ከሩቅ አስፈልጎ አስመጣው። ሻጋታው የአይቡ ጌጥ ነው፤ ወራት ተጠብቆ፣ ተገላብጦ፣ ሆን ተብሎ የሚበቅል ነው።

እትዬ «ሆን ተብሎ?» አለች።

ሹሙ ቢጮህ ይሻላት ነበር። አልጮኸም። በዚያ ለስላሳ ድምፁ «እትዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ እኔን ሳይጠይቁ ምንም ነገር አይጣሉ» አለ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሰንጠረዥ አሳያት። የቅምሻ ወረቀት ነው፤ ምግቡ፣ ሰዓቱ፣ የቀመሰው ሰው፣ ፊርማ። «እዚህ በአፍንጫ አይፈረድም። ይቀመሳል፣ ይጻፋል፣ ይፈረማል።» እትዬ በራሷ ቋንቋ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ብላ አጉረመረመች፤ ግን አንገቷን ደፍታ ነው።

ማታ ለባሏ ነገረችው። ሹፌሩ አገጩን አሸት አሸት አድርጎ «እንግዲህ ለአፍንጫሽ ቪዛ አልመቱለትም ማለት ነው» አለ። በሌላ ቀን ቢሆን ከት ብላ ትስቅ ነበር። በዚያ ምሽት ግን ትራሷን ታቅፋ ወደ ግድግዳው ዞረች። ከሥራ መባረሩ አልነበረም ያስፈራት፤ ሰሃን የትም ይታጠባል። ያስፈራት ሌላ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ያልዋሸ አፍንጫ ከዋሸ፣ እሷ ማን ናት? ከእንግዲህ «ይሄ ደህና አይደለም» ብትል ማን ያምናታል? እሷስ ራሷን ታምናለች?

በማግስቱ የሥራ ሰዓቷ ሳይደርስ ሄዳ የአስተማሪዋን በር አንኳኳች። ጠባብ ክፍል ናት፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ በመስኮቱ ሥር እንደ ሻንጣ የምታህል ፍሪጅ። አሮጊቷ በወንበሩ ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፤ አስተማሪ የነበረ ሰው ጀርባው አይጎብጥም።

«አይብዎን የጣልኩት እኔ ነኝ። ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አለች፣ መንገድ ላይ ስታጠና የመጣችውን።

አሮጊቷ ትንሽ አዩዋት። «ለምን ጣልሽው?»

«የሸተተ መሰለኝ።»

«ደግሞም ይሸታል» አሉ አሮጊቷ። «ያገባሁት ሰው እንኳ ከቤት እንዳይገባ ከልክሎ ነበር። ተቀመጪ ልጄ።»

ከትንሿ ፍሪጅ በጨርቅ የተጠቀለለ ቁራጭ አወጡ። አንድ የወንድማቸው ልጅ ለልደታቸው ይዞላቸው የመጣው ነው። ቢላዋ እጃቸው ላይ እየተንቀጠቀጠ ጥፍር የምታህል ቆርሰው ዳቦ ላይ አኖሩላት። «አፍንጫሽን አትያዥ። መጀመሪያ አሽቺው፣ ከዚያ ቅመሺው፣ ከዚያ ደግመሽ አሽቺው።»

እትዬ አሸተተች፤ በረቱ ነው፣ ካልሲው ነው። ዓይኗን ጨፍና ጎረሰች። ጨው መጣ፣ ከጨው ኋላ ቅባት፣ ከቅባቱ ኋላ ደግሞ ቀስ ብሎ እንደ ለውዝ ያለ ጣፋጭ ነገር። ምላሷ ላይ ቆይቶ ሄደ። ደግማ አሸተተችው። ያው ሽታ ነው፤ አሁን ግን የምን እንደሆነ ታውቃለች።

«አስተማሪ ሆኜ አርባ ዓመት ሠርቻለሁ» አሉ አሮጊቷ። «ተማሪ ያልተማረውን ፈተና ቢወድቅ ሰነፍ አልለውም። ወድቆ ሳይማረው ከቀረ ያኔ እለዋለሁ።»

ይህ ንግግር እትዬን በትክክለኛው ቦታ ነው የመታት። ሃያ ስድስት ዓመት ተማሪ ያበላች ሴት ሰነፍ ተማሪ ምን እንደሚመስል አሳምራ ታውቃለች።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ቅዳሜ በቤታቸው የፈተና ቀን ሆነ። እትዬ ገበያ ትሄድና ስሙን እንኳ የማታውቀውን አንድ ምግብ ይዛ ትመጣለች። ጥሬውን ታሸታለች፣ ታበስለዋለች፣ ትቀምሳለች፣ ደግማ ታሸታለች። እዚህ ላይ ግን እትዬን እትዬ ያደረጋት ነገር መጣ። «የደህናውን ሽታ ብቻ የሚያውቅ ምን ያውቃል? ግማሽ ነው የሚያውቀው» አለች። ከእያንዳንዱ ምግብ ቁራሽ እያስቀረች፣ በሦስት የቡና ሲኒ ማስቀመጫ ሰሃን ከፋፍላ፣ ክዳን ደፍታባቸው በረንዳው ላይ ታስቀምጣለች። አንዱን በመጀመሪያው ቀን ከፍታ ታሸታለች፣ አንዱን በሁለተኛው፣ አንዱን በሦስተኛው። መበላሸት ሲጀምር ምን ብሎ እንደሚጀምር፣ ሲገፋ ምን እንደሚል፣ በአፍንጫዋ ትሰልለዋለች። ልጅቷ ከሥራ ደክሟት መጥታ በረንዳ ላይ አየር ልውሰድ ስትል አየሩ ሌላ ሆኖ ይጠብቃታል።

«እማ፣ እባክሽ፣ ጎረቤት ምን ይላል?»

«ጎረቤቶቹ በረንዳቸው ላይ አበባ አላቸው» ይላል ሹፌሩ ከወንበሩ ሳይነሳ። «እኛ ደግሞ አስከሬን አለን። ሁሉም እንደ ዝንባሌው ነው።»

ሹፌሩ በቅዳሜው ፈተና ዳኛ ነበር፤ ሰነፍ ዳኛ ባይባልም ጨካኝ ዳኛ ነው። ጦር የመሰለውን ግንድ ቀምሶ «ሣር ነው፤ ይሄን ለመብላት አራት እግር ያስፈልጋል» አለ። ዛጎል ለባሹን ፍጥረት ገልብጦ ገልብጦ አየና «ይሄን መጀመሪያ የበላው ሰውዬ ምንኛ ቢርበው ነው?» ብሎ መለሰላት። ጥቁሩን ጨዋማ ፍሬ «መድኃኒት ከሆነ ንገሪኝና በውሃ ልዋጠው» አለ። እትዬ ግን ሁሉንም ተማረች። ፍሬውን በአራተኛው ሳምንት ወደደችው፤ በስድስተኛው ከኪሷ አውጥታ አውቶቡስ ላይ ትበላው ጀመር።

አንድ ቅዳሜ በጢስ የታጠነ ዓሣ አመጣች። ሳይበስል በቀጭኑ ተቆርጦ በዳቦ የሚበላ ነው። እትዬ አልወደደችውም። ሹፌሩ አንድ ጎረሰ። ሁለተኛ ጎረሰ። ሦስተኛውን ሲያነሳ ሚስቱ «ፍርድህስ?» ብትለው «ቆይ፣ ገና እያጣራሁ ነው» አለ። ሰሃኑ ባዶ ሆኖ ነው ማጣራቱ ያለቀው። «ይሄማ ሰው አስቦ የሠራው ነው» አለ በመጨረሻ። ከዚያ ወዲህ የቅዳሜው አዲስ ምግብ ምንም ቢሆን ከጎኑ ዓሣው አይቀርም። እትዬ በየሳምንቱ ለባሏ ትቆርጣለች፤ በየሳምንቱም ለበረንዳዋ ቁራሽ ታስቀራለች። ያን ዓሣ ከጠላችው የተነሳ ይሁን አላውቅም፣ እንደሱ አብጥርጥራ ያወቀችው ምግብ የለም።

የሙከራ ጊዜዋን አለፈች። ሹሙ ከሰሃን ማጠቢያው አንስቶ ቀዝቃዛ ምግብ ወደሚዘጋጅበት ጠረጴዛ አዛወራት፤ ትንሽ የቅምሻ ማንኪያም ሰጣት። እትዬ መጀመሪያ ቀን ማንኪያውን አፏ ውስጥ ስታስገባ «እናቴ ይቅር በይኝ፤ የሰው አገር ሕግ ነው» አለች። ሕጉንም አከበረች። የቅምሻው ወረቀት ላይ በየቀኑ ፈረመች። ከመቅመሷ በፊት ግን ማንም ሳያያት ታሸት ነበር። ያሸተተችውን ለማንም አልተናገረችም፤ እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? የአይቡ ነገር ገና ከአንጀቷ አልወጣም።

በዘጠነኛው ወር የቤተሰብ መጠየቂያ ቀን ሆነ። የአረጋውያኑ ልጆችና የልጅ ልጆች መጥተው አብረው ምሳ ሊበሉ ነው። የምሳው መክፈቻ በጢስ የታጠነ ዓሣ በዳቦና በሎሚ። ዓሣው ጠዋት በካርቶን መጣ፤ እሽጉ ደህና፣ የተጻፈበት የማብቂያ ቀን ገና፣ ቅዝቃዜው ሲለካ በትክክሉ። አምስት ሰዓት ላይ እትዬ የመጀመሪያውን እሽግ በቢላዋ ቀደደች።

ጢሱ መጣ። ጨው መጣ። የዓሣው ቅባት መጣ። ከሁሉም ሥር ደግሞ፣ አንገቱን ደፍቶ እንደሚገባ ሌባ፣ አንድ ሌላ ነገር መጣ። እትዬ አወቀችው። የበረንዳዋ ሦስተኛው ሰሃን ነው።

ሁለተኛ እሽግ ቀደደች፤ ያው ነው። ሦስተኛውም ያው። ቢላዋዋን አስቀመጠች። አዳራሹ ውስጥ ወንበር ይጎተታል፣ የልጅ ሳቅ ይሰማል፤ ሰዉ መቀመጥ ጀምሯል። ዝም ብትልስ? ቀኑ ገና ነው፣ ወረቀቱ ደህና ይላል፣ ቢጠየቅም የሚጠየቀው ሻጩ ነው። ብትናገርና ብትሳሳትስ? ሁለተኛ ጊዜ ነው፤ ሦስተኛ የሚባል አይኖርም። ከዚያ ወዲያ እትዬ ማለት በአፍንጫዋ ምክንያት የሰው ድግስ የምታበላሽ ሴትዮ ማለት ነው። ዘጠና ዓመት የሞላው የአስተማሪዋ ሆድ ደግሞ በዓይኗ መጣ። ሃያ ስድስት ዓመቷም መጣ።

ሹሙን ጠራችው።

«ይሄ ዓሣ ደህና አይደለም።»

ሹሙ ቀኑን አየ፣ ቅዝቃዜውን ለካ፣ ቁራጭ አንስቶ ቀመሰ። እንደገና ቀመሰ። «ደህና ነው እኮ፣ እትዬ።»

«ጢሱና ጨው ሸፍኖት ነው። ከሥሩ አለ።»

አሸተተ። «እኔን የሚሸተኝ ጢስ ብቻ ነው።» ሰዓቱን አየ። ከዚያ በለስላሳ ድምፁ፣ እትዬ ለወራት ስትፈራው የኖረችውን ነገር አነሳባት። «አይቡንም እኮ እንዲህ ብለው ነበር።»

እትዬ ቀና አለች። ይህን ታሪክ ስታወራ እዚህ ላይ ስትደርስ አሁንም ከወንበሯ ትነሳለች።

«አይቡን አላውቀውም ነበር» አለች። «ያላወቅኩትን ፈረድኩ፤ ጥፋቴ ነው። ይሄን ግን አውቀዋለሁ። ደህናውን በየቅዳሜው ለባሌ አቀርባለሁ። የተበላሸውን በረንዳዬ ላይ በሰሃን አሳድጌዋለሁ። አንድ ቀን ሲሞላው ምን እንደሚሸት አውቃለሁ፣ ሦስት ቀን ሲሞላውም አውቃለሁ። ሳይጠይቁኝ አይጣሉ ብለውኛል፤ አልጣልኩም፤ ይኸው እየጠየቅኩ ነው። ወረቀቱ ላይ ግን አልፈርምም።»

«በረንዳዎ ላይ?» አለ ሹሙ።

«በሰሃን። በየሳምንቱ። ልጄን ይጠይቋት፣ ስትራገም ነው የከረመችው።»

ከአዳራሹ በኩል አንዱ አስተናጋጅ ብቅ ብሎ «ይምጣ?» አለ። ሹሙ እትዬን እያየ ነው፤ እሷም ዓይኗን አልሰበረችም።

«ካርቶኑን በሙሉ መልሱት» አለ ሹሙ። «እንቁላል ቀቅሉ።»

መቶ አርባ እንቁላል ተላጠ። የአንዱ ሽማግሌ ልጅ ወጥ ቤት ድረስ መጥቶ «ዓሣ ነው የተባልነው» ብሎ ተቆጣ። ሹሙ «ዛሬ እንቁላል ነው» አለው፤ የእትዬን ስም አላነሳም። እትዬ እየላጠች ነገሩን ታብሰለስል ነበር። ባያምናት ኖሮ ንዴት ነበር የሚይዛት፤ ንዴት ደግሞ ቀላል ነው። ያለ ምንም ማስረጃ አመናት። ይህን ያህል እምነት የተጣለባት ሰው ከተሳሳተች ምን ፊት ይዛ ትመጣለች? ያን ቀን ቤቷ ገብታ እራት አልበላም አለች። ሹፌሩ «ከዓሣው አልተረፈም?» ብሎ ሲጠይቃት «ዝም በል» አለችው፤ በትዳራቸው ዘመን እንዲህ ስትለው ሁለተኛዋ ጊዜ ነው።

ሁለት ቀን አለፈ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሹሙ አንድ ወረቀት ይዞ ወደ ጠረጴዛዋ መጣ። ከዓሣው አቅራቢዎች የተላከ ነው። እትዬ የአገሩን ፊደል እየቆጠረች ነው የምታነበው፤ ቢሆንም ዋናውን አገኘችው። በዚያ ሳምንት የተላከውን ዓሣ አትጠቀሙ ይላል። አንድ የጭነት መኪና ማቀዝቀዣው መንገድ ላይ አንድ ሌሊት ሙሉ ቆሞ አድሯል፤ የመኪናው ሠራተኞች ጠዋት ለማንም ሳይናገሩ መልሰው አስነስተውታል።

እትዬ ወረቀቱን አጥፋ መለሰችለት። ደስታዋን በፊቷ አላስነቃችም። «ታዲያስ» ብቻ አለች።

ሹሙ የቅምሻውን ሰንጠረዥ ከግድግዳው አወረደ። ማስመሪያና እስክሪብቶ አመጣ። የወጥ ቤቱ ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ እያየው፣ ያ ግዙፍ ሰው እንደ ተማሪ ጎንበስ ብሎ፣ «የቀመሰው» ከሚለው አምድ በፊት አንድ አዲስ አምድ አሰመረ። ከላዩ ላይ በትልልቅ ፊደል «ያሸተተው» ብሎ ጻፈ።

«ከእንግዲህ ይሄ ካልተፈረመ ያኛው አይፈረምም» አለ። እስክሪብቶውን ለእትዬ ሰጣት።

እትዬ እጇን በሽርጧ ጠረገች። በአገሩ ፊደል አልፈረመችም፤ በእናቷ ቋንቋ፣ ሦስት ፊደል፣ ቀስ ብላ ጻፈች። ሹሙ ጎንበስ ብሎ አየው።

«ምንድን ነው የሚለው?»

«እትዬ ነዋ።»

«ትርጉም አለው?»

ዘጠኝ ወር የደበቀችው ነገር ነው። አሁን ግን ጊዜው ደረሰ። «ታላቅ እህቴ ማለት ነው» አለችው።

ሹሙ ቀስ ብሎ ቀና አለ። «ይሄን ሁሉ ጊዜ እንደዚያ እያልኩ ነበር? ለምን አልነገሩኝም?»

«ደስ ስለሚለኝ» አለች።

የወጥ ቤቱ ሰው ሳቀ፤ ሹሙም ሳቀ። ከዚያ ወደ ምድጃው ሄደ። ለምሳ የተጣደው ትልቁ የሾርባ ድስት እየተንተከተከ ነው። ክዳኑን በጨርቅ ይዞ ከፈት አደረገና እንፋሎቱ ሲነሳ ዞር ብሎ ጠራት፤ በዚህ ጊዜ የሚለውን እያወቀ።

«እትዬ፣ ምን ጎደለው?»

እትዬ ድስቱ ዘንድ ሄዳ ጎንበስ አለች። ማንኪያዋ ኪሷ ውስጥ ነው፤ አላወጣችውም።

«ጨው» አለች።